ጀልባ የሚሳፈር ቀሚስ

ዓባይ ማዶ ያላችሁ ሁሉ የዘይቱናን ስፌት ለብሳችኋል፤ እናንተ ባትለብሱ ልጆቻችሁ ለብሰዋል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ ስትሰፋ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ጎረቤቷ ስለሆንሁ የስፌት መኪናዋ ዝም ያለ ቀን ጤናዋን ልጠይቅ እሄዳለሁ።

ባለፈው ዓመት የወንድሟ ልጅ አሪፋ ለሠርጓ ቀሚስ ስፊልኝ ብላ መጣች። በስልኳ ያሳየችን ሥዕል የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የፈረንጅ ሴቶች የለበሱት ነው፤ አንገቱ እስከ አገጭ የደረሰ፣ እጅጌው ትከሻ ላይ ተነፍቶ አንጓ ላይ የጠበበ፣ ታቹ እስከ ቁርጭምጭሚት ቀጥ ብሎ የወረደ። አንገትም ክንድም ይሸፍናል፣ ከሻሿም ጋር ይሄዳል ብላ ነው የወደደችው። ዘይቱና ሙሽራ ስታለብስ ይህ የመጀመሪያዋ ስለሆነ እንደ ሙሽራዋ እሷም ልቧ ተሰቀለ።

ደረቱ ላይ ዳንቴል አደረገች፣ ጀርባው ላይ ትንንሽ ቁልፎች ደረደረች። አሪፋ ለብሳው ወደ ግቢ ስትወጣ እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ። የዘይቱና ባል አደም ግን ጀልባ ሠሪ ነው። ሙሽራዋ ሐይቁን አቋርጣ ወደ ባሏ አገር ወደ ቁንዝላ የምትሻገረው በጀልባ መሆኑን አስታወሰንና፣ ግቢው ውስጥ የሚያድሰውን ጀልባ እያሳየ እስቲ ግቢበት አላት። አሪፋ እግሯን ልታነሣ ስትል ቀሚሱ ጉልበቷ ላይ ያዛት። በጎን ሞከረች፤ ያው ነው።

«ግድ የለም» አለ አደም፣ «እንደ ሽንኩርት ጆንያ ተሸክሜ እጭናታለሁ።»

ሳቅን። አሪፋ ግን አልሳቀችም፤ ከገበያ ሰፊ ቀሚስ እገዛለሁ ብላ አወለቀችው።

ዘይቱና ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ብዙ ቆየች። በጎን ልክፈተው ብትል እግር ያሳያል፤ ላስፋው ብትል ያ የተወደደው ቅርፅ ይጠፋል። በኋላ ፈገግ ብላ መቀሷን አነሣች። ለካ የተማሪዎቹ ባለ ሽንሽን ጉርድ ትዝ ብሏት ኖሯል! የኋላውን ስፌት ከጉልበት ከፍ አድርጋ ፈታችና ከተረፈው ጨርቅ ሽንሽን ሠርታ ወደ ውስጥ ደበቀችበት። ሲቆሙ አይታይም፤ እግር ሲነሣ ይከፈታል። አሪፋን ለምና ግቢ ውስጥ አስለካቻት፤ ልጅቷም እስቲ ሐይቁ ዳር እናየዋለን ከማለት በቀር ቃል አልሰጠችም።

የሠርጉ ቀን ግን ያንኑ ለብሳ መጣች። አደም ጀልባው ውስጥ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋላት። አሪፋ ቢስሚላህ ብላ እግሯን አነሣች። ሽንሽኑ እንደ ማራገቢያ ተከፍቶ ተመልሶ ተከደነ፤ ሙሽራዋም ገብታ ተቀመጠች። የአደም እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

ዘይቱና ከዳር ሆና «በል እጅህን ሰብስብ» አለችው፣ «ዛሬ የሚጫን ጆንያ የለም።»