የዘሃራን ድምፅ ፍለጋ ካርቱም ድረስ

ከደሴ የተነሳሁት ታናሽ እህቴን ዘሃራን ላመጣት ነበር። ካርቱም በጦርነት ከመታመሷ በፊት ነው። ዘሃራ ካፉሪ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር፣ በአንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር። ስትደውልልን ድምፅዋ እየተለወጠ መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫዋ የምታወራ መሰለን፤ ቀጥሎ ወሬ ትጀምርና መሀል ላይ ድምፅዋ ይጠፋባታል። በመጨረሻ ስልኩን ስናነሳ የምንሰማው ትንፋሿን ብቻ ሆነ። አንዱ ዘመድ «ሐዘን ነው» አለ፤ ሌላው «ጂን ነው» አለ። እኔ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ፓስፖርቴን ይዤ ወጣሁ።

ወደ መተማ

ጎንደር አድሬ በማለዳ ወደ መተማ ተሳፈርኩ። ጭልጋን ካለፍን በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ሸሂዲ ስንደርስ ሹራቤን አውልቄ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። ድንበሩን በእግር ተሻግሬ ገላባት ላይ የሱዳን አውቶቡስ ያዝኩ። ከዚያ ወዲያ ተራራ የለም። ዓይን እስኪሰለች ድረስ የማሽላ እርሻ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠች ሱዳናዊት ሴት ገዳሪፍ ላይ ፉል ገዝታ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። «ኩሊ፣ ኩሊ» አለችኝ። ብዪ ማለቷ እንደሆነ ከእጇ ገባኝ። አረብኛ አላውቅም፤ እሷም አማርኛ አታውቅም። እየተሳሳቅን አንድ ሳህን ጨረስን።

ሳጃና

ካርቱም የተቀበለችኝ አስቴር ናት። የጎንደር ልጅ ነች፤ ሳጃና በሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ከከፈተች ብዙ ዓመቷ ነው። ዘሃራ ከሥራ ከወጣች ወዲህ ያለችው እሷ ቤት ነበር። አምጃድ የሚሏት ትንሽ ታክሲ ውስጥ ሆነን እንዴት እንደወጣች ነገረችኝ።

«እመቤቲቱ ስትጠራት አትመልስም፤ ንቃኛለች ብላ ነው ያባረረቻት። ማሌሽ፣ አይዞሽ፣ ምን ታድርግ እህቴ? ልጅቱ መመለስ አቅቷት እኮ ነው።»

ዘሃራ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። አንዱ የዓይኗ ቆብ ወርዷል። ልትስቅ ስትሞክር ጉንጮቿ አልታዘዙላትም። አቅፋኝ «እቴ» ያለችኝን የሰማሁት ጆሮዬ ከአፏ አጠገብ ስለነበረ ብቻ ነው። ማታ አስቴር ፉሉን አድቅቃ በማንኪያ ስትሰጣት አየሁ። ውሃ ስትጠጣ በአፍንጫዋ ይመለስባታል። መድኃኒት ቤት «የጉሮሮ ቁስለት ነው» ብለው መርፌ ጀምረውላታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጭራሽ ብሶባታል።

በማግስቱ ወሰንኩ። አገሯ ትግባ፤ የሚሆነው እዚያው ይሁን። ሻንጣዋን ከፍቼ ልብሷን ማጠፍ ጀመርኩ። ዘሃራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ያጠፍኩትን አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር። መልሼ ከተትኩ፤ መልሳ አወጣች።

ተናደድኩ። «ምን ሆነሻል? እዚህ ማን አለሽ?»

ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም፤ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ስትስብ ፉጨት የመሰለ ስለታም ድምፅ ተሰማ። ደገማት። አንገቷ ሥር ያለው ጉድጓድ በያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አስቴር ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች።

«ይሄ ትንፋሽ ለአውቶቡስ አይሆንም! ሙስተሽፋ! ያላ!»

ሐኪም ቤት፣ ቶሎ ማለቷ ነበር። ሻንጣውን እንደተከፈተ ትተነው ወጣን።

ሐኪም ቤቱ

የጉሮሮ ሐኪሟ በዘሃራ አፍንጫ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብታ ምስሉን አሳየችን። ሁለት ነጫጭ መጋረጃ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው፤ የድምፅ አውታሮች። ሰው ሲተነፍስ መከፈት ነበረባቸው። የዘሃራ ግን መሀል ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በመካከላቸው የቀረው ስንጥቅ ብቻ ነው።

ወዲያው የነርቭ ሐኪም ተጠራ። ወደ ላይ እንድታይ አዘዛት፤ ሁለቱም የዓይኗ ቆቦች ቀስ ብለው ወረዱ። ከዚያ በረዶ በጓንት ጠቅልሎ አንዱ ቆብ ላይ ያዘ። ሲያነሳው ያ ዓይን ተከፍቶ ነበር። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

አስቴር እየተረጎመችልኝ አስረዳን። በሽታው ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ ያጠቃል። ትእዛዙ ከነርቭ ይነሳል፤ ጡንቻው ጋ ግን በደንብ አይደርስም። ስታርፍ፣ ጡንቻውም ሲቀዘቅዝ ይሻላታል፤ ስትደክም ይብስባታል። የድምፅ አውታሮችን እንዲህ መያዙ ብዙ አይታይም፤ ሲይዝ ግን አየር ይዘጋል። የመርፌውን ስም ስንነግረው ፊቱ ተለወጠ። ይህን በሽታ ከሚያባብሱት መድኃኒቶች አንዱ ነበር።

«ጉዞ ላይ ብትሆኑ ኖሮ...» ብሎ አልጨረሰውም።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች። በጉሮሮዋ ቱቦ ገብቶ ማሽን ተነፈሰላት። ደሟን በሌላ ማሽን እያሳለፉ ጎጂውን ነገር አወጡላት። እኔ ውጭ ወንበር ላይ ዱዓ ሳደርግ አስቴር አጠገቤ ታማትባለች። ጠባቂው ሁለታችንንም ያየንና «ኢንሻላህ» ይለናል።

ቱቦው ከወጣ በኋላ አንድ ጠዋት ኪኒኗን ውጣ፣ ጥቂት አርፋ፣ እጄን ያዘችኝ። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ ግን ድምፅ ነበር።

«እቴ፣ ልብሴን ያወጣሁት አልሄድም ብዬ አይደለም። አየር አጥሮኝ ነበር። መንገድ ላይ እንዳልሞትብሽ ብዬ ነው።»

ትራሷን አስተካከልኩላት።

ደሴ

ሐኪሞቹ ፈቅደው እስክንነሳ ክረምቱ ተጋመሰ። በየከተማው እያረፍን፣ ኪኒኑ ከሠራላት በኋላ ምግብ እያበላኋት መጣን። መርፌ ሊወጋት የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የበሽታዋን ስም መስማት እንዳለበትም ተምረናል።

ደሴ የደረስነው ሲመሽ ነው። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠይቃታል፤ እሷ ግን ድምፅዋ አልቋል፤ አንገቷን ብቻ ትነቀንቃለች። አክስታችን ከዲጃ «ልጅቷን ሱዳን አኩርቶብናል መሰለኝ» አለች።

«አክስቴ፣ ነገ ጠዋት ነይ» አልኳት።

ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ትምህርት ይኸው ነው። ዝም ያለ ሰው ኩሩ፣ እምቢተኛ ወይም ሐዘንተኛ ነው ብሎ ከመወሰን በፊት መናገር የሚችልበትን ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል።

አክስቴ ከዲጃ ከሱብሂ ሰላት በኋላ መጣች። ዘሃራ ስለ ካፉሪ፣ ስለ አስቴር፣ ዓይኗ ላይ ስላረፈው በረዶ አጫወተቻት። ፀሐይ ከፍ ስትል ድምፅዋ መቅጠን ጀመረ። ዘሃራ በጣቷ ጉሮሮዋን ነካ አደረገች። በዘመኗ ወሬ ሳታስጨርስ ማንንም ለቅቃ የማታውቀው አክስቴ ተነሳችና ሻሿን አስተካክላ፦

«በቃ ልጄ፣ እረፊ። የቀረውን ነገ ትነግሪኛለሽ» አለቻት።