ችግኝ የምታስጠማው አክስቴ

አክስቴ ችግኝ ጣቢያ ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሥራ ጓደኞቿ «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እያሉ ያሟታል። አይፈረድባቸውም። የጣቢያውን መኪና የምነዳው እኔ ነኝና ቁጣዋን ጠዋት ማታ እሰማለሁ።

የምታፈላው አጋም ነው፤ ፍሬውን ለሌላ ሰው አታስለቅምም። ጠቁሮ የበሰለውን ብቻ ለቅማ፣ በውሃ አሽታ ታጥበዋለች፤ የሚንሳፈፈውን ዘር ትደፋለች፤ የቀረውን ጥላ ላይ አጠንፍፋ በዚያው ሳምንት ትዘራለች። «ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ሞተ በለው» ትላለች። ወጥ እስኪበስል የማትታገሥ ሴት፣ ዘር እስኪበቅል ግን ሳምንታት ዝም ብላ ትጠብቃለች።

አምና ጉድ ሊፈላ ነበር። ችግኞቹ ተራራው ላይ ሊተከሉ አንድ ወር ሲቀር የመደቧን የጥላ ዳስ ገፈፈች። በየቀኑ ታጠጣ የነበረውን በሦስት ቀን አንዴ አደረገችው። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ሁሉ ይጠወልጋል፤ ጎኗ ያለው የባልደረባዋ መደብ ግን ለምለም ነው። አዲሱ አለቃችን ይህን አይቶ ጮኸ።

«እትዬ፣ በውሃ ጥም ሊፈጁት ነው እንዴ?»

«እያለማመድኩት ነው። እዚህ ያልቻለ እዚያ አይችልም።»

«ቢደርቅ ግን ከነገ ጀምሮ በር ጥበቃ ነዎት!»

እኔ ፈራሁ። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ከአጋሟ ለይተው በር ላይ ቢያስቀምጧት የምትታመም ይመስለኛል። «ኧረ ትንሽ አርከፍክፊላቸው» ብዬ ለመንኳት።

«አንተ መኪናህን ንዳ!» አለችኝ።

የአክስቴም የባልደረባዋም ችግኝ ተራራው ላይ ተተከለ። ከዚያ ዝናብ የሚባል ነገር ሃያ ቀን ጠፋ። በሃያ አንደኛው ቀን በርሜል ውሃ ጭኜ አክስቴንና አለቃውን ይዤ ወጣሁ።

የባልደረባዋ ችግኝ ከአሥሩ ሰባቱ ጭራሮ ሆኗል። የአክስቴ አጋም አጭር ነው፣ ቅጠሉም ጠንከር ያለ ነው፤ ግን ቆሟል። አለቃው አላመነም። ጎንበስ ብሎ አንዱን ሳብ ሲያደርገው እሾሁ ጣቱን ወጋው እንጂ ችግኙ ንቅንቅ አላለም። ደረቴ በኩራት ተነፋ። ይቺ ሴት የእናቴ እህት ናት ብዬ ለተራራው ሁሉ ብጮህ ደስ ባለኝ።

አለቃው ጣቱን እየጠባ ወደ በርሜሉ ሄደ። ጣሳውን ሞልቶ ቀዳና ወደ አክስቴ ዞረ።

«እትዬ፣ አሁንስ ላጠጣቸው?»