ያልቆፈርኩት ጉድጓድ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ እዚህ ሆላንድ፣ ስኬቨኒንገን ወደብ አጠገብ ወዳለ ትንሽ ቢራ መጥመቂያ ወሰደችኝ። ጠማቂው ከከረጢት ዘግኖ መዳፌ ላይ ያደረገልኝን ደረቅ ፍሬ አሸት አድርጌ ሳሸተው ያ መራራ ሽታ ወደ ወጣትነቴ ይዞኝ ሄደ። እኛ የፈረንጅ ጌሾ ነበር የምንለው።

ያኔ ፕራግ የምማር የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። መስከረም ሲጠባ ተማሪ ሁሉ ጌሾ ለቀማ ገጠር ይላካል፤ ለእኔ የደረሰችኝ ቤቶቿ ሠላሳ የማይሞሉ መንደር ናት። ግማሾቹ ባዶ ነበሩ። ጀርመንኛ ተናጋሪ ባለቤቶቻቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተባረዋል። ያሳደሩኝ አሮጊት ግን ከእነሱ ወገን ቢሆኑም የቼክ ሰው ስላገቡ ቀርተዋል። በየማታው ሣር ወደዋጠው አሮጌ መቃብር ሄደው የእናታቸውን ድንጋይ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉ ነበር።

ለቀማው ሲያልቅ የእርሻ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አካፋ አስይዞ ወደዚያው መቃብር ወሰደኝ። ጌሾው የሚጠመጠምበት እንጨት ሊተከልበት ነው። አሮጊቷ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ አያለቅሱም፣ አይለምኑም።

«ቆፍር፤ እዚህ የተቀበሩት ከእሷ በቀር ዘመድ የላቸውም» አለኝ።

አካፋውን ጥዬ «አሁን አላቸው፤ እኔ ነኝ» አልኩት። ሰውየው አንዴ ጥቁር ፊቴን፣ አንዴ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን የጀርመን ስም አየ። እኔ ሄጄ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጥኩ። «እኛ አገር ለቅሶ ሦስት ቀን ነው» አልኩት፤ ሦስት ቀንም ተቀመጥኩ። በማግስቱ አብረውኝ ለለቀማ የመጡት ሁለት ሐበሾች መጥተው ከጎኔ አረፍ አሉ። ለቅሶ ተጠርቶ አይኬድማ።

በአራተኛው ቀን እንጨቱን ሌላ ቦታ ወሰዱት። እኔም ከትምህርቴ ተባረርኩ።

መጥመቂያው ውስጥ ይህን ሳወራላት «ፓፓ፣ ስፓይት የለህም?» አለችኝ ልጄ በሆላንድኛ፤ አይቆጭህም ወይ ማለቷ ነው። መሐንዲስ መሆኔ ቀርቶ ላክ በሚባለው ሰፈራችን ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቢሮ ስጠርግ ነው ያየችኝ። አይቆጨኝም። ዛሬም አካፋውን ቢሰጡኝ እጥለዋለሁ።

ያኔ ከመንደሯ ስሸኝ አሮጊቷ እጄን ይዘው «እኔ ስሞትስ ትመጣለህ?» አሉኝ። «እመጣለሁ» አልኳቸው።

መሞታቸውን የሰማሁት ሆላንድ፣ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሆኜ ነው። ወረቀት ስላልነበረኝ ድንበር መሻገር አልቻልኩም። ግቢው ውስጥ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ አጠገቤ አረፍ አሉና «ማን ሞተብህ ልጄ?» አሉኝ።

«ዘመዴ» አልኳቸው። እሳቸውም እስኪመሽ ድረስ ከአጠገቤ አልተነሱም።