ከመልስ በፊት ያለች ትንፋሽ

ይኸነውን አንድ ነገር የጠየቀ ሰው መልሱን ቶሎ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ አያደርግም። ይኸነው በእጁ አካፋ ካለ አካፋውን መሬት ላይ ያስተኛል፤ ጆንያ ተሸክሞ ከሆነ ጆንያውን ያወርዳል። ከዚያ ፊቱን ወደ ጠያቂው ያዞርና ዓይን ዓይኑን እያየ ዝም ይላል። የአጥቢያው ካህን ቄስ እንግዳው ሲቀልዱበት «የይኸነው ዝምታ አቡነ ዘበሰማያትን እስከ ሲሳየነ ያደርሳል» ይሉ ነበር። መንደርተኛውም «ጋሼ ቆይማ» የሚል ስም አውጥቶለታል።

ቀበሌው ከአዲስ ቅዳም ብዙ አይርቅም። ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተክሎ ከሰል የማያከስል ቤት የለም። ይኸነው የከሰል አምራቾቹ ማኅበር ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሥራ ላይ የተቃጠለ ሰው የለም። ማንም ሰው ክምር ላይ ከመውጣቱ በፊት ሁሉም እጁን ይሰበስባል፤ ስልክ ይዘጋል። ይኸነው ክምሩን ዞሮ ጭሱን ያያል፣ አፈሩን በመዳፉ ይዳብሳል፣ የሰዎቹንም ፊት አንድ በአንድ ያያል። ቃል ከአፉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ከአይሱዙ ባለቤት ጋር እየተከራከረ ሳለ ነጋ የሚባል ሠራተኛ መጣና «ነገ ብቀርስ?» አለው። ባለመኪናው እያጉረመረመ፣ ይኸነው ዝም ብሎ ነጋን አየው። አየውና «ቤትህ ማን ታመመ?» አለው። ነጋ ስለ በሽታ ትንፍሽ አላለም ነበር፤ ሚስቱ ግን ሌሊቱን ስታቃስት አድራለች። ያን ቀን አይሱዙው ሴትዮዋን ይዞ ዳንግላ ሐኪም ቤት ሄደ፤ ከሰሉ በማግሥቱ ተጫነ። እንዲህ ያለውን ሰው አለቃ አድርጎ የማይመርጥ ማን ነው?

ግን ይኸነው እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። እንዲያውም በወጣትነቱ ጥያቄው ሳያልቅ የሚመልስ፣ እህሉ ሳይበስል የሚጎርስ ሰው ነበር። የለወጠው ጥር 2005 ዓ.ም. ነው።

የከሰል ክምር ተንኮለኛ ነው። እንጨቱ ተከምሮ ሣርና አፈር ይለብሳል፤ እሳቱ ከውስጥ ቀስ እያለ ሲበላው ይሰነብታል፤ አፈሩ ሲሰነጠቅ ሰው ወጥቶ ይደፍነዋል። አንዳንዴ እሳቱ ሆዱን በልቶ አናቱን ቅርፊት ብቻ ይተወዋል። ላዩን ላየው ደኅና አፈር ነው፤ ሥሩ ግን ፍም ነው። ስለዚህ የወንፈሉ አለቃ ጭሱን አይቶ «ውጣ» ሳይል ማንም እግሩን አያነሳም። የዚያ ቀን አለቃ ይኸነው ነበር።

ክምሩ ባለበት ተዳፋት ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ከአንዲት ድንጋይ ላይ ብቻ ነው፤ ከድንጋይዋ ከወረዱ ይቆረጣል። ይኸነው እዚያች ላይ ቆሞ፣ ጀርባውን ለክምሩ ሰጥቶ፣ «መኪናዬን ገተርካት!» እያለ ከሚጮህበት ነጋዴ ጋር ይነታረካል። ሌሎቹ ሠራተኞች ድምፅ ከማይደርስበት ከታች ጆንያ ይሰፋሉ። ታናሽ ወንድሙ ደርበው ከክምሩ ግርጌ አካፋውን ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ልውጣበት?»

ይኸነው አልመለሰም። ደርበው ጠበቀና ደገመው።

«ጋሼ፣ አየኸው? ልውጣ?»

ይኸነው ፊቱን ሳያዞር እጁን አወናጨፈ። «ውጣ! ውጣ እንጂ!» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደርበው ሦስት እርምጃ ወጣ፤ በአራተኛው አፈሩ ከሥሩ ከዳው።

ይኸነው ስልኩን ጥሎ ወንድሙን በባዶ እጁ ከፍም ውስጥ ጎትቶ አወጣው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች እንደተጣመሙ የቀሩት በዚያ ነው። አገሩም «ወንድም ይሉሃል እንዲህ ነው» ብሎ አመሰገነው። ያ ምስጋና ከቃጠሎው ይልቅ ነደደበት።

ደርበው ዳንግላ ተወስዶ ሁለት ቀን በሕይወት ቆየ። ሚስቱ ፋና ትንሿን ልጃቸውን ታቅፋ ከራስጌው ተቀምጣ «አንተ ሰው፣ ማን ውጣ አለህ?» አለችው። ደርበው ከግርጌው የቆመውን ወንድሙን አየው። ረጅም ጊዜ አየው። «ማንም። ቸኮልሁ» አለ።

ይኸነው መናገር የነበረበት ያኔ ነበር፤ አልተናገረም።

ሰው ደግሞ ሙትን መምከር ይወዳል። ለቅሶ ላይ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ተባለ። ውሎ አድሮም ክምር ላይ ለሚጣደፍ ሰው ሁሉ «እንደ ደርበው እንዳትሆን» ማለት ልማድ ሆነ። ይህን በሰማ ቁጥር ይኸነው የፋናን ማሳ ያርስላታል፣ አጥሯን ያጥርላታል። ዛሬስ እነግራታለሁ ብሎ ሄዶ፣ ጠላዋን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይመለሳል። ሰው ሲጠይቀው የያዘውን ማስቀመጥና ፊቱን ማዞር የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ብልኀት አልነበረም፤ ማንም ሰው በጠየቀው ቁጥር የሚሰማው የደርበው ድምፅ ስለነበር ነው። ለደርበው ያልዞረው ፊት ለሁሉም ዞረ።

በ2010 ኅዳር ላይ ሀይማኖት የምትባል አሠልጣኝ ከደብረ ማርቆስ መጣች። አምራቾቹን በቀበሌው አዳራሽ ሁለት ቀን ስለ አመራር አሠለጠነች። ቅን ሴት ናት፤ የይኸነውንም ጠባይ በመጀመሪያው ቀን ነው ልብ ያለችው።

«መምራት መጮህ አይደለም» አለች በሁለተኛው ቀን። «ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተንፍሱ። ሰውነታችሁ ባለበት ልባችሁም ይኑር። አቶ ይኸነው ይህን የሚያደርጉት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። እስቲ ከየት እንዳገኙት ይንገሩን።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ይኸነው ተነሣ፤ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ «ያው... ከሥራ ነው» አለና ሊቀመጥ ሲል፣ ከሴቶቹ ወገን ፋና ቆመች።

የተናገረችው በአዊኛ ነበር። ሀይማኖት አዊኛ አትሰማም፤ ከእሷ በቀር ግን አዳራሹ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

«ጋሼ» አለችው፤ «ደርበው ጅረት እንኳ በዱላው ሳይለካ አይሻገርም ነበር። ይህን እርስዎም ያውቃሉ። እርስዎ ደግሞ ሰው በጠየቀዎት ቁጥር እንዲህ መሆን የጀመሩት እሱ ከሞተ ወዲህ ነው። ያን ቀን ጠይቆዎት ነበር?»

ይኸነው ኮፍያውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ፊቱን ወደ ፋና አዞረና ዝም አለ።

ሀይማኖት ፈገግ ብላ «አያችሁ? አሁንም እንኳ ቆም አሉ» አለች። ቄስ እንግዳው አንገታቸውን ደፉ። «አልጠየቀኝም» ቢል ሊቀመንበር እንደሆነ፣ እንደተከበረ ይኖራል፤ ማን ይመሰክርበታል? ሊመሰክርበት የሚችለው ደርበው ራሱ «ማንም» ብሎ አልፏል። ዝምታው ሲሳየነን አለፈ፤ አሜንንም አለፈ።

«ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ» አለ ይኸነው። «ፊቴን ሳላዞር ውጣ አልሁት።»

ፋና የነጠላዋን ጫፍ ይዛ፣ የተጣመሙትን ጣቶቹን አየች።

«ልጄን» አለች፤ «አምስት ዓመት ሙሉ 'እንደ አባትሽ ችኩል አትሁኚ' እያልሁ አሳደግኋት።»