ያልተፈቀደው የአባቴ ፋይል

አባቴ ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ትምህርት ደብር አጠገብ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ስለሚሏቸው እኛም ልጆቻቸው በዚያው ስም ነበር የምንጠራቸው። እኔ ከጉባኤያቸው ገና በጀማሪነቴ አፈግፍጌ አስኳላ ገባሁ፤ ዞሮ ዞሮ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆንሁ። አልተቆጡኝም። አንድ ቀን ብቻ «ቁጥርም የእግዜር ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። ያቺን አነጋገራቸውን ይቅርታ ናት ብዬ ነው የያዝኋት።

ደመወዜ ሲደላደል ከባሕር ዳር ኮምፒውተር ገዝቼ መጣሁ። ባለቤቴ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። በሰፈራችን የመጀመሪያው ስለነበር ጉራዬ ለጉድ ነው። ጎረቤቱም ባልደረባውም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ማመልከቻ ያስጽፋል፣ ሌላው የሠርጉን ፎቶ ያያል። ይሉኝታ ስላለ እምቢ አይባልም። እንዲህ እያልን አንድ ሴሚስተር መጨረሻ ላይ ያዘጋጀሁት ፈተና ሁሉ ጠፋ። ፎልደሮቹ በየስማቸው ተደርድረዋል፤ ስከፍታቸው ግን ፈተናው የለም። ቫይረሱ እውነተኛውን ደብቆ በስሙና በመልኩ ራሱን አስቀምጧል። አንቲቫይረስ አልነበረኝም እንዳልል ነበረኝ። ማደሻውን በየወሩ ከደብረ ታቦር በፍላሽ ነበር የማመጣለት፤ በዚያ ወር ሰንፌ ቀረሁ። በሚቀጥለው ወር ሳመጣለት ቀይ ማስጠንቀቂያ ይደረድርልኝ ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ያኔ አንድ ባልደረባዬ በሲዲ ሌላ ፕሮግራም ሰጠኝ። አንቲቫይረስ የሌቦችን ስም ይዞ ነው የሚጠብቀው፤ ስሙ ያልተመዘገበ ሌባ ሰተት ብሎ ያልፈዋል። ይኼኛው በተቃራኒው ነው የሚሠራው። የምፈቅድላቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር እሰጠዋለሁ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ፕሮግራም ክፉም ይሁን ደግ አይከፈትም። አዲስ ለማስገባት የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ እሱን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኋትም። ሁለቱን አንድ ላይ አሠራኋቸው። እውነት ለመናገር ጠበቁኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ፋይል አልጠፋብኝም። የጠፋብኝ ነገር በነሱ ጥፋት አልነበረም።

ጥፋቱ ጠባዬ ላይ ነበር። በሰው ፍላሽ ላይ የማላውቀው ፕሮግራም ካገኘሁ ባለቤቱን ሳልጠይቅ ፍላሹን ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ እመልሳለሁ። «አጸዳሁልህ» እለዋለሁ፤ እሱም ያመሰግነኛል። መምህራኑ «በረኛው» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እኔም ስሙን ወደድሁት።

አንድ ክረምት አባቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው እኛ ዘንድ ከረሙ። ስለ ኮምፒውተሩ ጠባቂዎች ስነግራቸው እንደ ተማሪ አዳመጡኝና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«እንግዳስ? የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ቢመጣ በምን ይገባል?»

«ካላወቅሁት አይገባም፣ የኔታ» አልኋቸው ኮራ ብዬ።

«እንግዲያውስ እኔን ቀድመህ ጻፈኝ» ብለው ሳቁ።

ድምፃቸውን የቀዳሁት በዚያው ነሐሴ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደቡን ሲተው ማይክሮፎኑን ፊታቸው አቆማለሁ፤ እሳቸው አስተምህሮ የሚባለውን የድጓ ክፍል ያዜማሉ። መጽሐፉን ማየት ስለማይችሉ በቃላቸው ነበር። ሳልማርላቸው የቀረሁትን ዜማ ቢያንስ በድምፃቸው ያዝሁት ብዬ ደስ አለኝ። ሊጠይቋቸው የመጡ ተማሪዎቻቸውም ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ለሌሎቹም እናድርስ፣ ገልብጥልን አሉ፤ እኔ ግን ሳልገለብጥላቸው ቆየሁ።

በመስከረም አገራቸው ተመለሱ። ጥቂት ቆይተው ደወሉልኝ። ያዜሙትን በልባቸው ሲመላለሱበት ሁለት ቦታ ስሕተት አግኝተዋል፤ ይዘት የሚባለው ምልክት ያለበትን ድፋት አድርገውታል። ለእኔ ሁለቱም በፊደል አናት ላይ የሚጻፉ የዜማ ምልክቶች ናቸው፤ ከዚህ በላይ አላውቅም። ለእሳቸው ግን ትልቅ ነገር ነበር። ሌሎች መሪጌቶች እርማት ፍለጋ የሚመጡት እሳቸው ዘንድ ነው፤ በገዛ ድምፃቸው ስሕተት ትተው መሄድ አልሆነላቸውም። አርመው እስኪልኩልኝ ለማንም እንዳላሰማ አስጠነቀቁኝ፤ እኔም ቃል ገባሁ።

ኅዳር ላይ ለቤተ ክህነት ጉዳይ ወደ መካነ ኢየሱስ የመጡ ቄስ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አንዲት ፍላሽ አመጡልኝ። ከየኔታ ናት አሉኝ። ለመሄድ ቸኩለው ስለነበር አላስቀመጥኋቸውም። ፍላሿን ስሰካት ውስጧ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልኩ ፎልደር፣ ስሙ በላቲን ፊደል የተጻፈ «የኔታ»፣ ዓይነቱ ግን ፕሮግራም። አንቲቫይረሱ ዝም አለ። ዝርዝር ጠባቂው በረኛዬ ግን «ይህ ፕሮግራም አልተፈቀደለትም» አለ። ፈተናዎቼን የበላብኝ ቫይረስ በዚሁ መልክ ነበር የመጣው። ድምፁን ባስቀዱበት ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ቫይረስ በልቶታል፣ የቀረው ቫይረሱ ነው ብዬ ደመደምሁ። ተናደድሁም። የሱቆቹን ዝርክርክነት እየረገምሁ ፍላሿን አጠፋኋት። ሁሉም ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«ደረሰህ ወይ፣ ልጄ?»

ቫይረስ በልቶታል ብላቸው ሽማግሌ ሰው እንደገና ሊደክሙ ነው። ደግሞ ያ ሁሉ ጉራዬ አለ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ለገና ዕረፍት ስሄድ ከሱቁ ሌላ ቅጂ አመጣለሁ አልሁ በሆዴ።

«ደርሶኛል፣ የኔታ።»

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«ተቃንቷል?»

«ተቃንቷል።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ መረቁኝ፤ ልጆቼን ስማቸውን እየጠሩ መረቁልኝ። «እንግዲህ የፊተኛውን አጥፋው» አሉኝ። «ስሕተት አስተምሬ እንዳልሞት ነበር ጭንቄ፤ አሁን ቀለለኝ።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ስልኩን ሳልዘጋ ቃሌን መመለስ እችል ነበር። አልመለስሁም። ለገናም አልሄድሁም፤ የፈተና እርማት ነበረብኝ።

በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም፣ አረፉ። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር ባለችው ከተማ ድምፁን ያስቀዱበትን ሱቅ ፈልጌ አገኘሁት። ባለሱቁ አባቴን አልረሳቸውም። በበቅሎ ግማሽ ቀን ተጉዘው፣ የወይራ ዕንጨት በመሰለ ደረቅ እጃቸው መቅጃውን ስልክ ራሳቸው ይዘው፣ ሁለቱን ቦታዎች ደጋግመው እንዳዜሙ ነገረኝ። ድምፁ በብዙ ቁራጭ ፋይል የተቀዳ ስለነበር፣ ተራው እንዳይፋለስ ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ሲነካ ራሱ በሚፈታ ፕሮግራም አሽጎ ላከው። ቫይረስ አልነበረም። የይለፍ ቃሌን ጽፌ አንድ ጊዜ «ፍቀድ» ብለው ኖሮ ይፈታ ነበር። ቅጂውን ስጠይቀው አንገቱን ደፋ፤ ከስልኩ ወዲያው ሰርዞታል፣ የሱ ኮምፒውተር በጥር ወር በቫይረስ ተበላሽቶ ሁሉንም አጥፍተው ነው የጠገኑት። አንቲቫይረስ ብቻ ነበረኝ አለኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

በአርባቸው ተዝካር ላይ የድሮ ተማሪያቸው፣ ዛሬ ስማዳ ወገዳ አካባቢ መሪጌታ የሆኑ ሰው፣ ወደ ጎን ሳቡኝ። የኔታ አርሜ ልኬለታለሁ ብለው እንደነገሯቸውና ያን ድምፅ ለተማሪዎቻቸው ሊያሰሙ እንደሚፈልጉ ገለጹልኝ። ያን ጊዜ እንደገና ልዋሽ አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የስልኩንም ጭምር።

«አልደረሰኝም ብትላቸው ኖሮ» አሉኝ፣ «በማግስቱ በቅሏቸውን ጭነው ይወርዱ ነበር።»

የፊተኛው ቅጂ እንዳለኝና እሳቸው ቢሰሙት ስሕተቱን ሊያውቁት እንደሚችሉ ነገርኋቸው። አይሆንም አሉ። የኔታ አታሰማ ያሉትን አልሰማም፣ አጥፋው ካሉ ደግሞ አጥፋው ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ተዝካሩ ድንኳን ተመለሱ።

አላጠፋሁትም። ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ ልጆቼ ሌላ ገዝተዋል፤ እኔ ግን እሱን አላስነካም። ቤቱ ባዶ ሲሆን እከፍተዋለሁ። ነሐሴ ውስጥ የተቀዳው ድምፃቸው፣ ከኋላው የቀረው የዝናብ ጠብታ ሳይቀር፣ ይወጣል። ሁለቱን ቦታዎች ለማግኘት ጆሮዬን አቀናለሁ። ለኔ ሁሉም የተቃና ነው የሚመስለኝ። ሳልማር ስለቀረሁ የቱ ጋ እንደሳቱ አላውቅም፤ የምጠይቀውም እሳቸውን ነበር።