ለማዶ የማይነገር ውሃ

እንጀራዬ ወረታ መገንጠያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር መጠገን ነው። በትርፍ ጊዜዬ ግን ፊታቸውን አይቼ ከማላውቃቸው፣ በየአገሩ ከተበተኑ ሰዎች ጋር ያለ ክፍያ ፕሮግራም እጽፋለሁ። አብረን ከጻፍናቸው አንዱ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው። በወንዙ ላይኛው በኩል ያለ ሰው የውሃውን መሙላት በስልኩ ሲያሳውቅ፣ ፕሮግራሙ ታች ላሉት ገበሬዎች ሁሉ ይደውልና በአማርኛ ይነግራቸዋል። የፈለገ ሰው በነፃ ይወስደዋል። የመጠቀሚያ ፈቃዱ የሚጥለው ግዴታ አንድ ነው፤ አሻሽሎ ለሌላ የሚሰጥ ሰው ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን የውስጥ ጽሑፍ፣ አብሮ መስጠት አለበት። ቆልፎ «የእኔ ነው» ማለት አይችልም።

ቆልፎ «የእኔ ነው» የሚል ሰው ግን አልጠፋም። ድርጅት ከፍቶ ሶፍትዌር በውል የሚሠራ አንድ ባለሙያ የእኛን ወስዶ፣ ጥቂት ነገር ጨማምሮ፣ ለቁሐር ሚካኤል የሩዝ ገበሬዎች ማኅበር አስረከበ። እኔ ያወቅሁት ሊቀመንበራቸው የተበላሸ ኮምፒውተር ሱቄ ድረስ ይዞ ሲመጣ ነው። ጠግኜ ፕሮግራሙን ብሞክረው «ውሃ ሞልቷል፣ ከብት ከሜዳ አውጡ» የሚለው ድምፅ የራሴ ሆኖ ተገኘ። ደሜ ፈላ።

ሊቀመንበሩ ደግሞ የባሰውን ነገረኝ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ገበሬዎች፣ እነዚያ ይፋግ የሚገበዩት፣ ለእኛም ይሁን ብለው ቢለምኑ ባለሙያው አሻፈረኝ አለ። ለሌላ ካሳለፋችሁ ከነጭራሹ አጠፋዋለሁ አላቸው። ፕሮግራሙን አብረውኝ ለጻፉት ጓደኞቼ ጻፍሁ። ግዴታውን ስላፈረሰ ፈቃዱ ተሽሯል፣ ይዝጋ የሚል መልስ መጣልኝ። እውነታቸውን ነው። ክረምቱ ግን ሊገባ ነው። እኔ ካዘጋሁት ቁሐር ሚካኤል ያለ ማስጠንቀቂያ ይከርማል፤ እሱ ካልከፈተው ደግሞ ማዶ ያሉት። የእኛን እኔው ለማዶዎቹ እንዳልተክል፣ ወንዙ ላይኛው በኩል ያለው ሰው የሚያሳውቀው ባለሙያው በቆለፈው ብቻ ነው። ንዴቴን ይዤ መሄጃ አጣሁ።

ሊቀመንበሩ ሁለታችንንም ጠራን። ገበሬዎቹ መጋዘኑ በረንዳ ላይ በሩዝ ጆንያዎች ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ባለሙያው ትሑት፣ ንግግሩ የለዘበ ሰው ነው፤ ይሄ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ወራት ደክሜበታለሁ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ከወሰደው እኔ ምን ልሆን ነው አለ። ከዚያ ገበሬዎቹ የፈረሙትን ውል አነበበላቸው፤ ፕሮግራሙንም ሆነ የሚያስተላልፈውን መልእክት ለሦስተኛ ወገን ማሳለፍ ክልክል ነው ይላል።

አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ሦስተኛ ወገን ያልኸው ማን ነው?» አሉ።

«ማኅበሩ ውስጥ የሌለ ሁሉ፣ አባባ። ለምሳሌ ማዶ ያሉት።»

«መልእክቱስ? ውሃ መጣ የሚለው ነው?»

«አዎ።»

ከኋላ አንዱ «እኛ እኮ ስንፈርም ስለ ማሽኑ መስሎን ነው» አለ። ሽማግሌው አልተቆጡም። እንዲያውም ያልገባው ልጅ እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ወንድሜን የገደለው ሰው ማዶ ነው ያለ። ታርቀን አናውቅም፤ ለቅሶ እንኳ አንደራረስም። ውሃ ሲመጣ ግን አፋፉ ላይ ወጥቼ በስሙ እጠራዋለሁ። እሱም ቀድሞ ካየ እኔን ይጠራኛል። አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። አሁን ይኸን ነው ተዉ ያልኸን?»

እኛ በየአገሩ ሆነን፣ በየቃሉ ተከራክረን ያረቀቅነው ፈቃድ እዚህ አገር እንኳን ለጎረቤት፣ ለደመኛም ሳይጻፍ ሲሠራበት ኖሯል። ያውም ከእኛ ይበልጣል፤ የእኛ ግዴታውን ያፈረሰውን ይከለክላል፣ የእነሱ ገዳይንም አይከለክልም። ይዝጋ ልል የመጣሁት ሴትዮ ያን ሐሳብ እዚያው ተውሁት።

ባለሙያው ወረቀቱን አጠፈ። ወደ እኔም ዞረና «ከከፈትሁት፣ እኔ የጨመርሁት የእኔ መሆኑ ይታወቃል?» አለኝ።

«ስምህ እላዩ ላይ ይጻፋል። ፈቃዱ ራሱ ያዛል» አልሁት። ይህን ጊዜ ሁሉ የፈራው ይህን ኖሯል። እዚያው ጆንያው ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ኮዱን ማንም እንዲወስደው ለቀቀው፤ በሳምንቱም ማዶ ተሻግሮ ፕሮግራሙን በእጁ ተከለላቸው።

ሐምሌ ላይ ሥራውን ልይ ብዬ ቁሐር ሚካኤል ሄጄ ሽማግሌው ቤት እንደተቀመጥሁ ስልካቸው ጮኸ። የራሴ ድምፅ «ውሃ ሞልቷል» አለ። በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። በእኔ ስልክ ላይ የማዶዎቹም እየተደወለላቸው፣ አንድ በአንድ እያነሱ መሆኑ ይታያል። የዚያ የደመኛቸውም ስልክ ተነስቷል። ሽማግሌው ግን ላስቲካቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው ወደ ዝናቡ ወጡ።

«አባባ፣ ለእሱም ተደውሎለታል እኮ! ሰምቷል!» ብዬ ተከተልኋቸው።

«ያንቺ ስልክ ነገረው» አሉ ሳይቆሙ። «እኔ ገና አልነገርሁትም።»

አፋፉ ላይ ቆመው የወንድማቸውን ገዳይ በስሙ ጠሩት። ደፍራሹ ውሃ ያጓራ ነበርና ደግመው ጠሩት። ከዝናቡ ማዶ አንድ ያረጀ ድምፅ መለሰ።

«ሰማሁ! ሰማሁ! አንተም ከዚያ አፋፍ ራቅ በል፣ ይናዳል!»