የውጫሌ መግቢያ ገመድ

አባቴ «መንገድ የአላህ ነው፤ የሰው እግሩ ብቻ ነው» ይል ነበር።

ከጦርነቱ ወዲህ የውጫሌ ሰው «ገበያ ቀን ባጃጅ በዛ፤ የሚገባ ይክፈል» በሚልና «ድሃ ምን ይሁን» በሚል ለሁለት ተከፈለ። ክርክሩ ሳያልቅ ከተማው መግቢያ ላይ የቀረጥ ገመድ ተዘረጋ።

ከሐይቅ ዓሣ በባጃጄ ጭኜ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ገመዱን ወጥረው ቆመዋል። ፀሐዩ ከሯል፤ ዓሣው ሊበላሽብኝ ነው።

«አባባ፣ ሳልሸጥ ከየት አምጥቼ ልክፈል? ያሳልፉኝ፣ ስመለስ እከፍላለሁ» አልኳቸው።

ስለ ድሃ፣ ስለ ፍርድ ብዙ ለፈለፍኩ።

«ልክ ነህ» አሉኝ፤ ገመዱን ግን አላላሉትም።

«ልክ ከሆንኩ ምነው አይለቁት?»

«እኔም በግ ልሸጥ የመጣሁ ነኝ ልጄ። ቀራጩ ‹ሰግጄ እስክመለስ አደራ› ብሎኝ ሄደ። ከቸኮልህ ና አንተ ያዘውና እኔ በጌን ልሽጥ።»